ባሌስትራ በስንት ዐይነት ይጻፋል

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመውን ሰው ተረከዝ እረግጣለሁ፤ ወጥ ስሠራ ክዳኑን አሥር ጊዜ እከፍታለሁ። እናቴ በሕይወት እያለች «ይቺን ልጅ ጉንዳን ወሯታል እንዴ?» ትል ነበር። እንደኔ ያለ ሰው ድረ ገጽ ባይከፍት ይሻለው ነበር። አሠራሩን ማንም ይማረዋል፤ ሰውን የሚጨርሰው ከተሠራ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው።

ቃሊቲ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ለስምንት ዓመት የመለዋወጫ ዕቃ ስቶር ጠባቂ ነበርኩ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥሮት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማረ ጡረተኛ ነው። ግላኮማ ዐይኑን እያጠፋበት ስለሆነ ሰውን በቁመናው ይለያል እንጂ ፊደል ጨርሶ አያይም። ለእሱ ዐይነት ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት አላውቅም።

ከተቀነስኩ ብዙም ሳይቆይ የድሮ አለቃዬ ደወለልኝ። እሱ ሐዋሳ አንድ ፋብሪካ ተቀጥሯል። «ከመስቀል በኋላ የሚጀምር የስቶር ቦታ አለ፤ እስከዚያ ይዤልሻለሁ፤ አስቢበትና መልስ ስጪኝ» አለኝ። እኔ ሐዋሳ ከሄድኩ አባቴ የሚሄደው አዳማ ወንድሜ ጋ ነው። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ግን ቤቱ ጠባብ፣ ልጆቹ አራት፣ ቴሌቪዥኑም የማይዘጋ። አባቴ እኛ ቤት ከአልጋው እስከ በረንዳው አሥራ አራት እርምጃ፣ ከበረንዳው እስከ ሻይ ማንቆርቆሪያው ስድስት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል። ሌላ ቤት ማለት ለእሱ እንደገና መታወር ነው።

ነገሩን ስነግረው «ሥራ ሥራ ነው፤ ሂጂ» አለኝ፣ ድምፁን እንኳን ሳይለውጥ። በማግሥቱ ጠዋት ከሱቅ ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መጻሕፍቱን በዳበሳ በሲባጎ እያሰረ አገኘሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አቧራ እንዳይገባባቸው ነው» አለ።

አቧራ በሲባጎ አይከለከልም። ያን ቀን እስከ መስቀል ድረስ እዚሁ ቁጭ ብዬ የምበላበትን ነገር ካላገኘሁ ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተሞኘሁ። ስልኬ ላይ «ተኝታችሁ ዶላር ይገባላችኋል» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኔ እንቅልፍ ራሱ የለኝም፤ ግን አመንኳቸው። የምግብ አሠራር የሚጻፍበት ገጽ ከፍቼ የውጭ ማስታወቂያ ለማግኘት አመለከትኩ። ቅጹ የፖስታ መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። ቱሉ ዲምቱ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ማንን እጠይቃለሁ? አራት ዜሮ ጻፍኩ፤ ተቀበለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአማርኛ ለተጻፈ ገጽ ማስታወቂያ እንደማይሰጡ ጽፈው መለሱልኝ። አራቱ ዜሮዎች ያኔ ገቡኝ።

ስናደድ ግን ጭንቅላቴ ይሠራል። ስቶር ሳለሁ በቀን ቢያንስ አንድ ሰው «እኅቴ፣ ለዚህ መኪና ኩሽኔታ የት ይገኛል?» ብሎ ይደውልልኝ ነበር። ኩሽኔታ ከሌለ ጎማ አይዞርም። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ሹፌር ቃሊቲ ላይ መኪናው ተሰብሮ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተት ይውላል። የሚፈልገው ዕቃ ያለበት ሱቅ ከቆመበት ሁለት መቶ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ሳይገናኙ ይመሻል። እኔ ደግሞ የትኛው ሱቅ ምን እንዳለው አውቃለሁ። ሹፌሩ ስልኩ ላይ የዕቃውን ስም ይጽፋል፤ ገጹ ሱቁንና ስልክ ቁጥሩን ያሳየዋል። ሱቆቹ በየወሩ ትንሽ ብር ይከፍሉኛል። አለቀ።

ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ ለአንድ ዓመት ተከራየሁ። አገር ውስጥ ካሉት ነው፤ የውጭዎቹ የሚቀበሉት ካርድ እኔ ጋ የለም፣ የአገር ውስጡን ግን በስልክ ከፈልኩ። ዝግጁ ንድፍ አግኝቼ ቪዲዮ እያየሁ ገጣጠምኩት። መብራት ሲጠፋ በስልኬ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት ሠራሁ። ከዚያ ቃሊቲ ወርጄ ስቶር እያለሁ ዕቃ የምገዛቸው ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሱቃቸው ሁለት ሰው አያስቆምም፤ ነገር ግን እዚያ የሌለ ዕቃ ሌላ ቦታም የለም። ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጣልያንኛ ነው?» አሉኝ።

ከንድፉ ጋር የመጣውን፣ ቦታ መሙያ ተብሎ የተጻፈውን ላቲን ሳላጠፋው ቀርቼ ነበር። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

«አይደለም ሐጂ፤ ረስቼው ነው፤ አጠፋዋለሁ።»

«እኔማ የጣልያን ዕቃ ስም አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ባሌስትራ የሚል አጣሁበት ብዬ ነው» አሉና መደርደሪያው ላይ የተጋደመውን፣ የመኪና ጭነት የሚሸከመውን የብረት ሞላ እያሳዩ ሣቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ሦስት ወር እንየው። ስልኬ ከጮኸ እከፍልሻለሁ። ካልጮኸ እኔም እንቢ ብዬ አላሳዝንሽ፣ አንቺም ለምነሽ አታሳፍሪኝ።»

እሳቸው እሺ ሲሉ ሌሎች ሦስት ባለሱቆችም እሺ አሉ። ሦስት ወሩ የሚያልቀው ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመጣ ነው። ስሕተት ብዬ ለመጥራት ዛሬም ልቤ አይደፍርም።

ከሁለት መቶ በላይ የዕቃ ስም ከየሱቁ ሰብስቤ ቤት መጣሁ። አባቴ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ማን ያርምልሻል?» አለኝ። ዐይኑ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። እርማት አያስፈልገውም ልለው ነበር፤ የመጻሕፍቱን እስር አየሁና «አንተ ነሃ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ይሰማል። ማየት ስለማይችል እያንዳንዷን ፊደል ይጠይቀኛል።

«‹ዕቃ› ብለሽ በየትኛው ነው የጻፍሽው?»

«በአልፋው አ።»

«አጥፊው። በዐይኑ ዐ ነው።»

«አባዬ፣ ሹፌር እኮ ለዚህ ግድ የለውም።»

«ሹፌሩ ግድ ባይኖረው አንቺ ግድ ይኑርሽ። ሱቅሽን የምትከፍቺው ጠርገሽ ነው ሳትጠርጊ?»

የእሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ፣ የጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ እየለየን ወረድን። ‹ፊልትሮ› የሚለውን አስጠፍቶ «የዘይት ማጣሪያ» አስባለኝ፤ «አማርኛ እያለው ለምን ይለምናል?» ብሎ። አማርኛ የሌላቸውን፣ እነ ባሌስትራን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮንን፣ አንድ ጊዜ መክሮ አንድ አጻጻፍ ወሰነላቸው። «የተዋሰ ሰው ዕቃውን አያጎሳቁልም፤ ቃልም እንደዚያው ነው» አለኝ። እኔ ትዕግሥት የለሽዋ፣ ለአንድ ዕቃ ስም ሩብ ሰዓት ስንከራከር አንድ ቀን እንኳን አልተቁነጠነጥኩም። እውነቱን ለመናገር ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ገጹ ሲያልቅ አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም።

ገጹ ተከፈተ፤ መቁነጥነጤ ተመለሰ። ወረቀት አሳትሜ ጎሚስታ ቤቱ ሁሉ፣ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ሁሉ ለጠፍኩ። ከዚያ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ገጹን ስንት ሰው እንደጎበኘው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ታክሲ ውስጥ አየዋለሁ፣ ደረጃ ስወጣ አየዋለሁ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ በክርኔ ነካ አድርጌ አየዋለሁ። ቁጥሩ ይጨምራል። ሰው ይመጣል! ሐጂ ጋ እሮጣለሁ።

«ስልክ ተደወለ?»

«አልተደወለም ልጄ።»

አንድ ወር። ሁለት ወር። ክረምቱ ቱሉ ዲምቱን ጭቃ በጭቃ አደረገው። ቀለሙን ቀየርኩ፣ ፎቶ ጨመርኩ፣ የሐጂን ስልክ ቁጥር አተለቅኩት፤ ጭራሽ እንደ ሰሌዳ አደረግኩት። ከአራቱ ባለሱቆች አንዱ «ስሜን አውጪልኝ» አለኝ። አባቴ ማታ ማታ «እንዴት ዋለ?» ይለኛል፤ «ጥሩ ነው» እለዋለሁ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ረጋ በይ» ይለኛል። ረጋ ማለት አልቻልኩም። ለአለቃዬም ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናብ አባርሮኝ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ፊቴን አይተው በርጩማ ሰጡኝ።

«ልጄ፣ በሱቄ በር ላይ በቀን ስንት ሰው ያልፋል መሰለሽ? ማለፉ አያበላኝም። ቆም ያለውን ‹ምን ፈለግክ?› እለዋለሁ። ነገረኝ ማለት ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ያንቺ ሱቅ ሰውን ምን ፈለግክ ይለዋል?»

«ይለዋል እንጂ። የሚጽፍበት ሳጥን አለው።»

«ታዲያ ምን እያለ ነው የሚጽፈው?»

ማወቅ የሚያስችል ነገር እንዳለው በቪዲዮ አይቼ ነበር፤ ከፍቼው ግን አላውቅም። እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ ፈልጌ አገኘሁት። ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ የጻፉት በሙሉ ተዘርዝሮ፣ ከጎኑ ገጹ ስንት ዕቃ እንዳሳያቸው ተጽፏል። ባልስትራ፣ ዜሮ። ባሊስትራ፣ ዜሮ። ኩሺኔታ፣ ዜሮ። ኩችኔታ፣ ዜሮ። ፍሪስዮን፣ ዜሮ። ፍልትሮ፣ ዜሮ። ፊልትሮ እንኳን፣ ዜሮ። «የመኪና እቃ» ብሎ በአልፋው የጻፈ ብዙ ነው፤ ሁሉም ዜሮ። ዝርዝሩን በጣቴ እየገፋሁ ወረድኩ፤ አያልቅም።

ሰዎቹ መጥተዋል። ሐጂ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ያለውን ባሌስትራ ስሙን ጠርተው ጠይቀዋል። ገጼ ግን ፊደል በፊደል ካልገጠመለት አያውቃቸውም፤ የለም እያለ ይመልሳቸዋል። ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሜ ደንበኛ ሳባርር ኖሬአለሁ።

ቤት እስክደርስ ልቤ እንደ ድስት ይንተከተክ ነበር። በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ለአባቴ ዝርዝሩን አነበብኩለት።

«ያልተማሩ ናቸው» አለ።

«ደንበኞች ናቸው! አባዬ፣ እነሱ እንደሚጽፉት ካልጻፍኩት አያገኙኝም። እያንዳንዱ ዕቃ ሥር የተሳሳተውንም ሁሉ መጻፍ አለብኝ።»

«ስሕተት ጽፈሽ?»

«አዎ፣ ስሕተት ጽፌ!»

«በእኔ ቤት?» አለ። ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ ነበር ያለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ያጠፋሁትን አንቺ መልሰሽ ልትጽፊው?»

ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። «ያንተ እርማት ነው ሐዋሳ የሚልከኝ። አንተንም አዳማ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ከዘራውን በዳበሳ ፈልጎ ተነሣና፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢጮህብኝ በተሻለኝ። እራት አልበላም አለ። እኔም አልበላሁም።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስሕተት መጻፍ ጀመርኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን አስገባሁ። እነሱ የተጻፉ ናቸው፤ ነገ የሚመጣው ሹፌር ደግሞ በሌላ መንገድ ይሳሳታል። ስለዚህ ራሴ አስቤ መሳሳት አለብኝ። ሰው ይሄን ሲሰማ ቀላል ይመስለዋል። ባሌስትራን ሦስት ዐይነት አድርጌ ተሳሳትኩና አለቀብኝ። እጄ እንቢ አለ። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ረስቼው ነበር፤ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ጀምሮ በቀይ እስክሪብቶ ያደግኩ ሰው ነኝ። አለቅስ ጀመር፣ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ።

ከኋላዬ የከዘራውን ድምፅ ሰማሁ። መጥቶ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ።

«ባሌስትራን በስንት ጻፍሽው?»

«በሦስት።»

«ሦስት!» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው። «ስንት ሺህ ደብተር ያረምኩ ሰው ልጅ በሦስት? ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«የሚቸኩል ልጅ አለ፤ ድምፁን ይውጠዋል። ‹ብሌስትራ› ይላል። ጻፍሽ? ሁሉን ፊደል ካልጠራ ነፍሱ የማትረካም አለ፤ እሱ ‹ባሌስተራ› ነው የሚለው። መጨረሻው ላይ የሚደክመው ‹ባሌስትር› ብሎ ይተወዋል። ጆሮው የሚያታልለው ደግሞ ‹ፓሌስትራ›። የመጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ከጓደኛው የሚገለብጠው፣ ሁለቱንም ስሕተት ደርቦ ይጽፋል፤ ‹ፓሌስተራ› በይ።»

ያለ ማቋረጥ ያስጽፈኝ ጀመር። ዐይኖቹን ጨፍኗል፤ ጣቱ ከጉልበቱ በላይ አየር ላይ ይጽፋል። ድፍን ክፍል ተማሪ ፊቱ ተደርድሮ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እኔ በጤናዬ ማሰብ ያልቻልኩትን እሱ ከሠላሳ ዓመት ደብተር እየመዘዘ ያወጣዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠፋ የኖረውን አንዱንም አልረሳውም። ስሕተትን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከጎኔ አስቀምጬ ልክ የሆነውን ብቻ ስጠይቀው ከረምኩ።

«አንድ ደግሞ አለ» አለና ፈገግ አለ። «ኃምሱን ግዕዝ የሚያደርግ። ‹ሌ›ን እግሯን ቆርጦ ‹ለ› ይላታል። ‹ባለስትራ› ብሎ ይጽፋል፤ ኩሽኔታንም ‹ኩሽነታ›። እሱን እንዳትረሺው።»

«እንደሱ የሚጽፍ ሰው አለ ብለህ ነው?»

«አንቺ ነበርሻ። ትምህርት ቤት ሳትገቢ፣ ተቆጥቼሽ ሳለ ወረቀት ጽፈሽ በክፍሌ በር ሥር አስገባሽልኝ። ‹አባየ› ይላል። ‹ዬ›ን እግሯን ቆርጠሻት።»

«አረምከው?»

«እሱን ብቻ አላረምኩትም» አለ። «ቀጥይ። ፍሪሲዮን።»

ፊቴን በክንዴ ጠርጌ ቀጠልኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ አላስጨረሰኝም፤ ፍሪሲዮን ብቻ አሥራ አንድ ዐይነት ነበረው። አራት ቀን ፈጀብን። ላይኛው ላይ ልክ የሆነው አጻጻፍ በጉልህ ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ ከሥሩ፣ ለሰው በማይታይ ለሳጥኑ ግን በሚታይ ቦታ ላይ። ይሄን አባቴ ነው የጠየቀው። «ይግቡበት፤ ሲገቡ ግን ትክክለኛውን ይዩት» አለ።

ካዘጋጀነው በኋላ ባለው ሰኞ፣ አውቶቡስ ጥበቃ ቃሊቲ ቆሜ ስልኬን አየሁ። ባለስትራ፣ አንድ ውጤት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሐጂ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሞጆ መንገድ ላይ የቆመ ሹፌር ደወለልኝ። ወሎዬ ነው፤ ረዳቱን በአይሱዙ ልኮ ሊያስወስድ ነው። ዌብሳይት ላይ አየሁህ አለኝ። እኔን እኮ ነው ያየኝ!»

በሳምንቱ ስልካቸው አምስት ጊዜ ጮኸ። ከቀሩት ሁለት ባለሱቆች አንደኛው ሁለት ጊዜ ተደወለለት፤ ሌላኛው ምንም፤ እሱም ወጣ። ሀብት አይደለም። ከሐዋሳው ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ሐጂ ግን በቃላቸው ከፈሉኝ፤ ወዲያውም የጎረቤታቸውን ባለሱቅ እጁን ጎትተው «አስመዝግቢው» አሉኝ። ከመስቀል በፊት ለአለቃዬ ደውዬ አልመጣም አልኩት። እንደዚያ ሳልቸኩል የተናገርኩት ነገር በሕይወቴ ትዝ አይለኝም።

የሐጂ ስልክ መጀመሪያ የጮኸ ቀን ግን ደረጃውን እየሮጥኩ ነበር የወጣሁት። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር።

«ተሸጠ! አባዬ፣ ባሌስትራው ተሸጠ!»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «ሰውየው ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«ባለስትራ።»

«በግዕዙ ለ?»

«በግዕዙ ለ።»

«ጎሽ!» አለ አባቴ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ መትቶ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስተምር ለተሳሳተ ሰው ጎሽ ሲል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ መጻሕፍቱ ሄደ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦም የሲባጎውን ቋጠሮ ይዳብስ ጀመር። አጥብቆ ነበር ያሰረው፤ ጣቱ ሊፈታው አልቻለም። መቀስ አምጥቼ ቆረጥኩለት።